ልጁ ያላለውን ማሽኑ ይሞላዋል

ዛሬ አንድ ልጅ ጌም ለመሥራት ኮድ መጻፍ አያስፈልገውም። የሚፈልገውን በቃል ይናገራል፤ ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ ወይም ክሎድ የተባለው የኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም ኮዱን ይጽፍለታል። ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ፣ ነጥብ የሚቆጥር፣ ሲሸነፉበት «እንደገና ሞክር» የሚል ነገር ብቅ ይላል። ልጁ ይፈነድቃል። እናት ስልኩን ይዛ ለጎረቤት ታሳያለች። «ልጄ ጌም ሠራ» ትላለች።

ሠራ ወይ? ይህ የሚታወቀው ጌሙ ውስጥ ካለው ነገር ስንቱ ከልጁ አፍ እንደወጣ ሲታይ ነው። ልጆች የጌም ሐሳባቸውን ለኤአይ እንዲናገሩ እናስተምር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የፕሮምፕት፣ ማለትም ለኤአይ የሚሰጥ ትእዛዝ፣ አጻጻፍ ዘዴ ነው። ዘዴው በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ጊዜ የሚወስደው፣ ልጁን ለዕድሜ ልኩ የሚጠቅመውም፣ ማሽኑ ሳይነገረው ከራሱ የጨመረውን ነቅሶ ማውጣት ነው።

እዚህ የደረስነው በፍጥነት ነው። ቻትጂፒቲን ከሠራው ከኦፕንኤአይ ኩባንያ መሥራቾች አንዱ የሆነው አንድሬ ካርፓቲ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ላይ፣ አሁን ትኩሱ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኗል ብሎ ጽፎ ነበር። ያኔ ቀልድ የመሰላቸው ነበሩ። በየካቲት 2025 ደግሞ ኮዱን ሳያነቡ፣ ለማሽኑ እየተናገሩና ውጤቱን እያዩ መሥራትን «ቫይብ ኮዲንግ» ብሎ ሰየመው። ስሙ ተዛመተ፤ የኮሊንስ መዝገበ ቃላትም የዓመቱ ቃል አድርጎ መረጠው። በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ ልጆችን ለአንድ ሰዓት ኮድ በማስነካት የሚታወቀው ኮድ ዶት ኦርግ እንኳ በ2025 ዘመቻውን ወደ ኤአይ አዙሯል። አዋቂዎቹ ፕሮግራመሮች የሚያደርጉትን ልጆቹም ማድረጋቸው አይቀርም። ጥያቄው እንዴት የሚለው ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ9 ዓመት ልጅ ናት እንበል። «የድብብቆሽ ጌም ሥራልኝ» አለች። ይሠራላታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ያለ ነው፤ ፈላጊው ዓይኑን ይሸፍናል፤ ከ1 እስከ 10 ይቆጠራል፤ ከዛፍና ከሳጥን ጀርባ የተደበቁትን በጣት እየነኩ መያዝ ነው። ከላይ ጥግ ላይ የሚቀንስ ሰዓት አለ። እንከን አይወጣለትም።

ልጅቷ የምታውቀው ድብብቆሽ ግን ይህ አይደለም። እሷ ሰፈር ፈላጊው አይቆጥርም። «ኩኩሉ!» ይላል። ተደባቂዎቹ «አልነጋም!» ይላሉ። መደበቂያ ያላገኘ ሰው እስካለ ድረስ አይነጋም። ይህ ጌጥ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ግን የጨዋታውን አሠራር ከሥሩ ይቀይረዋል። በቁጥር ሲሆን ጊዜውን የያዘው ፈላጊው ነው። በኩኩሉ ጊዜው ያለው በተደባቂዎቹ እጅ ነው። ደግሞም «አልነጋም» ሲሉ ድምፃቸው ይሰማል። ፈላጊው ጆሮውን ቀስሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ ይከታተላል። ብልጥ ልጅ አፉን በእጁ ጋርዶ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሮ ይመልሳል። እያንዳንዷ «አልነጋም» ተጨማሪ ጊዜ ታስገኛለች፤ በዚያው ልክ መደበቂያን ታሳብቃለች። አንድ ጎበዝ የጌም ዲዛይነር ቁጭ ብሎ ቢያስብ እንዲህ ያለ ሕግ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ልጅቷ ደጃፏ ላይ በነፃ አግኝታዋለች።

ማሽኑ ለምን አላመጣውም? የተማረው ኢንተርኔት ላይ ከተከማቸ ጽሑፍና ኮድ ነው። እዚያ የተሞላው የሚቆጠርበት ድብብቆሽ ነው። ያልተነገረው ነገር ሲገጥመው አብዝቶ ባየው ይሞላዋል። «ምን ላድርግ?» ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዝም ብሎ ይሞላና ያስረክባል። በአንድ መስመር ትእዛዝ የተሠሩ ጌሞች የሚመሳሰሉት ለዚህ ነው። ሦስት ሕይወት፣ የሚለቀም የወርቅ ሳንቲም፣ ሐምራዊ ዳራ። ሐምራዊው ነገር ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግን እነዚህ ማሽኖች በጣም ይወዱታል።

እንግዲህ ትምህርቱ እዚህ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጌም ሲመጣ ልጅቷ ትጫወትበት። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ ይምጣ። «ከዚህ ውስጥ አንቺ ያልሽው የቱ ነው? ከራሱ ያመጣውስ?» ሁለት ረድፍ ይሰመርና ይጻፍ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይኖራል፤ «ድብብቆሽ»። ሁለተኛው ገጹን ይሞላል። ሰዓቱ፣ ቁጥሩ፣ ዛፉ፣ ሳጥኑ፣ የፈላጊው ልብስ፣ ሙዚቃው፣ ማሸነፊያው። ልጅቷ ያን ጊዜ ትደነግጣለች። መደንገጧ ጥሩ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ መምረጥ ነው። ማሽኑ የጨመረው ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ሙዚቃው ሊያምራት ይችላል። ይቆይ ካለች ይቆያል። አሁን ግን የመረጠችው እሷ ናት።

ከዚህ በፊት የነበሩት የልጆች ኮምፒውተር መሣሪያዎች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ሲሞር ፓፐርት፣ ሲንቲያ ሰለሞንና ዋሊ ፎይርዛይግ እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የልጆች ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሠሩ። ኋላ ላይ እየሄደች መስመር የምትስል ኤሊ ተጨመረችበት። ልጁ «ወደፊት 100፣ ቀኝ 90» ሲል ኤሊዋ ያንኑ ብቻ ታደርጋለች። አራት ጊዜ ከደገመው ካሬ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ብቻ ካለ ካሬው አንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ስህተቱ ፊቱ ላይ ተስሎ ያየዋል። ፓፐርት ቁም ነገሩን ያየው እዚህ ላይ ነበር። ልጁ የገዛ ሐሳቡን ስክሪኑ ላይ ያያል፤ የት እንደተሳሳተ ይፈልጋል፤ ያስተካክላል። ስክራችም ያው ነው። ሚቸል ሬዝኒክ በሚመሩት፣ የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሚዲያ ላብ ቡድን ተሠርቶ በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ስክራች ባለቀለም ብሎኮችን በማገጣጠም ይሠራል። ያልተገጣጠመ ብሎክ ጌሙ ሲጀመር አይሠራም። በቃ።

ኤአይው እንደ ኤሊዋ አይደለም። ሦስት ጊዜ ብትሉትም ካሬውን ይዘጋላችኋል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ልክ ስለሆነ አዋቂ ሰው ይወደዋል። ለሚማር ልጅ ግን ችግር አለው፤ የሐሳቡ ክፍተት ከዓይኑ ተሰወረ ማለት ነው።

ስለዚህ ስክራችን መተው አያስፈልግም ባይ ነኝ። የአማርኛ ገጽታ አለው። ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የተዘጋጀው በተለይ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ነው። «ይህ ያንን ሲነካ»፣ «እስኪሆን ድረስ ድገም» የሚሉትን ብሎኮች በእጁ የገጣጠመ ልጅ ለኤአይ ሲናገርም በዚያው መልክ ነው የሚያስበው። መቅደም ያለበት የቱ ነው ካላችሁኝ፣ ዕድሉ ካለ ስክራች ይቅደም እላለሁ። ከሌለ ግን ልጁን «መጀመሪያ ያንን ጨርስ» ብሎ ማስጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

«አሪፍ አድርገው»

ልጆች ለኤአይ የሚሰጡት ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ቅጽል ነው። አሪፍ አድርገው። ፈጣን ይሁን። አስፈሪ ይሁን። ከባድ አድርገው። ማሽኑ ለእነዚህም መልስ አያጣም። «አስፈሪ» ሲባል ስክሪኑን ያጠቁራል፣ ቀይ ዓይን ያለው ነገር ያመጣል። «ከባድ» ሲባል ጠላቶቹን ያበዛል። ልጁ በልቡ የያዘው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል።

የአዋቂው ሥራ ቅጽሉን ወደ ድርጊት እንዲቀይረው መርዳት ነው። «አስፈሪ ማለት ምን ሲሆን ነው?» ልጁ ያስባል። «ጅቡ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል» ይላል። ተገኘ! «ድምፁ መቼ ነው የሚሰማው?» «ሲቀርብ።» «ሲርቅስ?» «ይቀንሳል።» «ከያዘህ ምን ይሆናል?» እዚህ ላይ ልጆች ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ አላሰቡበትም። ማሽኑ ቢሆን «ጌሙ አለቀ» ብሎ ይሞላው ነበር። ልጁ ጥቂት ቆይቶ «አይበላኝም፣ ወደ መጀመሪያው ቤት ይመልሰኛል» ሊል ይችላል። አሁን ጌሙ ሌላ ጌም ሆነ።

ይህን ሁሉ ሲናገር አንድም የኮምፒውተር ቃል አልተጠቀመም። ሲሆን፣ ከሆነ፣ እስኪሆን፣ ካልሆነ። አማርኛ የሚናገር ልጅ እነዚህን ይዞ ነው የሚያድገው። ብይ ሲጫወቱ ያየ ሰው ያውቃል፤ ገና ሳይጀመር ክርክሩ ይጦፋል። ከመስመር የወጣ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? የነካ ይደግማል ወይስ ተራው ያልፋል? ሕግ ማውጣት ለልጆች አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር፣ ሕጉን በፍጹም ለማያውቀውና ፊቱ ላይ ግር መሰኘት ለማይታይበት አካል ማስረዳት ነው። ጓደኛ ካልገባው «እ?» ይላል። ማሽኑ ያልገባውንም እንደገባው አድርጎ ይሠራል።

ጌሙ ሲበላሽም እንዲሁ ነው። ልጁ «አይሠራም!» ብሎ ይጽፋል። ማሽኑ ይቅርታ ይጠይቅና የሆነ ነገር ይቀይራል። ያልተበላሸውን አበላሽቶ፣ የተበላሸውን ትቶት ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲናገር ይልመድ፤ ምን አደረግሁ፣ ምን ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፣ ምን ሆነ። «ወደ ቀኝ ስሄድ ዶሮዋ አጥሩን አልፋ ትወጣለች፤ መቆም ነበረባት።» ይህ ዓረፍተ ነገር ፕሮግራመሮች ቢሯቸው ውስጥ የሚጻጻፉት ዓይነት ነው። ሌላው ልማድ አንድ በአንድ መቀየር ነው። አምስት ለውጥ ባንዴ ከጠየቁ የቱ ምን እንዳበላሸ አይታወቅም። የሚሠራውን ቅጂ ለብቻ ማስቀመጥም አይረሳ። ንግግሩ እየረዘመ ሲሄድ ማሽኑ ቀድሞ የተባለውን እየዘነጋ ይሄዳል።

ዝም ማለት የሚከብደው አዋቂ

እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ እንቅፋት ልጁም ማሽኑም አይመስሉኝም። አጠገብ የተቀመጠው ትልቅ ሰው ነው። ልጁ ሲንተባተብ ስልኩን ይቀበለዋል። «ቆይ ስጠኝ፣ እንዲህ በለው» ይላል። አሳምሮ ይጽፋል። ያማረ ጌም ይመጣል፤ የአባትየው ጌም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ውስጣችን ቁጭ ብሏል። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አፉን ሞልቶ እንዲናገር ያላበረታታው ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለወላጁም ነው። ማድረግ ያለበት መጠየቅ ነው። «ከዚያስ?» ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ይህ ነው። መጻፍ ካለበትም ልጁ ያለውን ቃል በቃል ይጻፍ፤ ሳያቃና።

ማሽኑ ደግሞ በተቃራኒው ያበላሻል። ያወድሳል። ልጁ ምንም ቢለው «ድንቅ ሐሳብ ነው!» ይላል። ትልቅ ሰው ይህን ይንቀዋል፤ ልጅ ግን ያምናል። ለዚህ የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ሥራው ሲጀመር «አታሞግሰኝ። ከመሥራትህ በፊት ስለ ጌሙ ሕግ አምስት ጥያቄ ጠይቀኝ፤ መልሴን ሳታገኝ አትጀምር» ብሎ መጻፍ ነው። ሁሉም ባይባል ብዙዎቹ ይታዘዛሉ። ጥያቄዎቹም መጥፎ አይደሉም። ያኔ ልጁ ማሽኑ ሊሞላቸው የነበሩ ቦታዎችን አስቀድሞ ያያቸዋል። እውነተኛ ፈተናው ግን ሌላ ልጅ ነው። ጌሙን ለጓደኛው ይስጠው። ጓደኛ አያወድስም። «ይደብራል» ይላል፣ ለምን እንደሚደብርም ይናገራል።

በምን ቋንቋ?

ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ ሐሳቡን በእንግሊዝኛ ካልተናገርክ ከተባለ የሚናገረው የሚችላቸውን ቃላት እንጂ ሐሳቡን አይሆንም። «ዶሮ፣ መሮጥ፣ መኪና» ብሎ ያቆማል። የቀረውን ማሽኑ ይሞላል።

ይሁንና አማርኛ ዋጋ ያስከፍላል። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የኤአይ ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚቆራርጡበት ዘዴም በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተመቸ ስለሆነ፣ ያው ሐሳብ በአማርኛ ሲጻፍ ብዙ ቁርጥራጭ ይሆናል። በነፃ የሚሰጠው መጠን ቶሎ ያልቃል። የሚጽፉት አማርኛም አንዳንዴ ያስቃል። ጌሙ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ ልጁ እያነበበ ያርመው፤ በዚያው ጥሩ የንባብ ልምምድ ይሆናል። የሚናገሩትን መረዳት ላይ ግን ታላላቆቹ ሞዴሎች የሚናቁ አይደሉም። መተየብ ለሚከብደው ትንሽ ልጅ ደግሞ በድምፅ ማስጻፍ አለ፤ ጎግል አማርኛን በድምፅ ማስጻፊያው ውስጥ ያስገባው በ2017 ነው።

ውጭ አገር ላለው ወገን ነገሩ ይገለበጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ቴል አቪቭ ያደገው ልጅ ለማሽኑ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ መናገር አይቸግረውም። የጎደለው ጨዋታው ነው። እዚህ ላይ ጥሩ አጋጣሚ አለ። የልጁ ሥራ አያቱን መጠየቅ ይሁን። ቅልሞሽ እንዴት ነው? ጠጠሩ ስንት ነው? መሬት ላይ የቀረው ሲነካስ? ገበጣን ከጠየቀ ደግሞ ክርክር ውስጥ ይገባል፤ የገበጣ ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ እያንዳንዱ አያት የራሱን ነው ትክክል የሚለው። ልጁ ከአያቱ አፍ የሰማውን ለማሽኑ ሲያስረዳ ሁለቴ ይማራል። አያቲቱም «እማማ፣ ከዚያስ?» እየተባለች የምትጠየቅበት ምክንያት አገኘች። አገር በቀል ጨዋታ ለጌም ይሆናል ወይ የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ ገበጣን ስልክ ላይ አውጥቶታል፤ ዶሮ የምትሮጥበትን «ኩኩሉ» የተባለ ጌምም ሠርቷል። እንዲህ ኮድ የሚጽፍ ኤአይ ባልነበረበት ጊዜ፣ በብዙ ድካም።

አሁን ስለ አካውንት። ቻትጂፒቲ ከ13 ዓመት በታች ላሉ አይፈቀድም፤ ከ18 በታች ከሆኑም የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል። ክሎድ ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለትንሽ ልጅ አካውንት አይከፈትም፤ ትልቅ ሰው በራሱ አካውንት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያሠራዋል። ይህ ሕጉ ባይኖርም የምመርጠው አካሄድ ነው። የልጁ ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ሰፈርና ፎቶ አይገባበትም። ብዙዎቹ አገልግሎቶች ንግግሩን ለማሠልጠኛ እንዳይጠቀሙ የሚከለከልበት ማስተካከያ አላቸው፤ መጀመሪያ እሱን መፈለግ ነው።

ኔትወርክ ለሚቆራረጥበትና ጥቅል ለሚያልቅበት ቤት አንድ ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። ማሽኑን «ጌሙን በሙሉ በአንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሥራው፤ ስልክ ላይ በጣት የሚሠራ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ይሁን» በሉት። ፋይሉን አንዴ ካወረዳችሁት በኋላ በስልኩ ብራውዘር ይከፈታል። በቴሌግራም ለአክስት ልጅ ይላካል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሲሠራና ሲስተካከል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት ሐሳቡ ወረቀት ላይ ቢያልቅ ጥቅሉም ይቆጠባል፣ ሐሳቡም ይበስላል።

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ጀምራለች። መልካም ነው፤ ግን ለወጣቱና ለአዋቂው እንጂ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ የተዘጋጀ አይደለም። ኮምፒውተር የሌለው ክፍል ውስጥ ተማሪው ብዙ፣ መምህሩ አንድ ነው። እዚያ ምን ይደረጋል?

ያለ ማሽን ይጀመራል። ሦስት ሦስት ልጆች ይቀመጡ። አንዱ ተናጋሪ ነው፤ ጨዋታ ያስባል፣ ሰኞ ማክሰኞም ይሁን ከራሱ የፈጠረው። ሁለተኛው ማሽን ነው፤ የተባለውን ወረቀት ላይ ይስላል ወይም መሬት ላይ ያደርገዋል። ሦስተኛው ጸሐፊ ነው፤ ማሽኑ ሳይባል የጨመረውን ይመዘግባል። ማሽን የሆነው ልጅ ያልተነገረው ነገር በገጠመው ቁጥር የፈለገውን የመጨመር ሙሉ መብት አለው። ስምንተኛ ቤት ይጨምር፣ በአንድ እግር ፋንታ በእንብርክክ ይበል። ልጆች ይህን ሚና ሲይዙ ተንኮላቸው አያልቅም። ተናጋሪው ማስቆም የሚችለው «ይህን እኔ አላልኩም» ብሎ ብቻ ነው። ያን ሲል ማሽኑ ያቆማል፤ ተናጋሪው በዚያ ቦታ መሆን ያለበትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ጸሐፊው ይመዘግበዋል፤ ጨዋታውም ካቆመበት ይቀጥላል።